ሽማግሌዎቹ የተደገፉት መኪና

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የኛን ግቢ የማያውቅ አልነበረም፤ በጋ ሆኖ እንኳ ደጃፋችን ጭቃ ነበር። አባቴ መኪና ለቀለም ሲያዘጋጅ አቧራ እንዳይነሳበት ጧትና ማታ መንገዱን ውሃ ያጠጣል። አህያ የሚነዱ ሰዎች እያዳለጣቸው፣ “ምን ዘርቶበት ነው እንዲህ የሚያጠጣው?” እያሉ ያልፋሉ። አባቴ እጅ ነስቶ ይቅርታ ይጠይቅና ራቅ ሲሉለት እንደገና ያጠጣል።

አባቴ ባትላሜራ ነበር። የተጨረማመተ የመኪና ላሜራ በመዶሻ ማቅናት የተማረው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሥራ ሲበዛ መኪናውን ወደኛ ግቢ ይልኩለታል። ቀለሙን ማንም ይቀባል ይል ነበር፤ ልፋቱ ያለው ከቀለሙ በፊት ነው። አሮጌው ቀለም ይፋቃል፤ የጎደጎደው ሁሉ በስቱኮ ይደፈናል። ስቱኮ በተልባ ዘይት የተለወሰ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ከዚያ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይመጣል። ታሽቶ አለቀ ሲሉ አባቴ ጥላሸት በቤንዚን በጥብጦ ላዩን ይቀባዋል። እንደገና ሲታሽ ጥላሸቱ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነውና ስቱኮው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ማሸቱ የወንድሜ ሥራ ነበር። ወንድሜ አርበኞቹን ብሎ ጫካ ገባ። ለሚጠይቀን ሰው ግን “ወልመራ አክስቱ ጋ ሄዷል” እንላለን። ስለዚህ አክስቴ ከወልመራ ድንገት ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ “ልጁስ?” እያለ መጠየቅ ጀመረ። አክስቴም ነገሩ ሲገባት “በሬዎቼን እየጠበቀልኝ ነው” አለች። በሬ አልነበራትም።

የማሸቱን እንጨት ከወንድሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ለእጄ ትልቅ ስለነበር በጨርቅ ጠምጥሜ ነበር የምይዘው። ዓይነ አፋር ነኝ። ትንሽ ፊደል ቆጥሬ ጣሊያን ሲገባ ትምህርቱ ቀረ፤ የክፍል ጓደኞቼ ድምፄን ሳይሰሙ ተለያየን። ሰው ስጨብጥ እንኳ እጄን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ነው። አንድ ቀን በዚያው ልማዴ፣ አባቴ አለቀለት ያለውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መሸፈኛ ላሜራ፣ በነጠላ በተሸፈነ እጄ ዳሰስኩት። ባዶ እጅ ያላገኘው ጉብታ ከጨርቁ ሥር ተሰማኝ። አባቴ አላመነም። ነጠላዬን ተቀብሎ ሞከረና ራሱ እንደገና ማሸት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬ ያላለፈበት መኪና ቀለም አይነካውም።

ደስ የሚለኝ ያ ሥራ ነበር። ላሜራ “አንቺ ልጅ፣ ለምን አትናገሪም?” ብሎ አይጠይቅም።

አክስቴ የመጣችው ግን ልትድረኝ ነው። በባሏ ወገን የሚያጫት ያጣ አንድ ጎልማሳ አለ፤ ለቤተሰቦቹ ስለ እኔ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምጿ አይሰማም። እነሱም በጣም ወደዱት። አባቴ እጄን እንደሚፈልገው አውቃለሁ፤ ሽማግሌ የሚመልስበት ምክንያት ግን አልነበረውም። ልጅ ላሜራ ታሽልኛለች ተብሎ ለሽማግሌ አይነገርም። እኔም አልሄድም ማለት አልቻልኩም፤ ምንም ማለት አልችልምና።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ከአንድ ጥቁር መኪና ጋር ተጋጠመ። ባለቤቱ ጣሊያን እንጨት ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ከአገሯ እየመጣችለት ነበር። አባቴን “እንደ ስፔኪዮ!” ብሎታል፤ እንደ መስታወት ካልሆነ አልረከብም ማለቱ ነው። መኪናው ታሽቶ፣ በቤንዚን ተወልውሎ፣ ግቢው መካከል ቀለም ይጠብቃል። ዶሮዎቹ ታስረዋል። አባቴ የከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅቤ። ቅቤ የነካው ላሜራ ላይ ቀለም አይዝም፤ እየሸሸ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ጧት አክስቴ አናቴ ላይ አንድ ጭብጥ ለጋ ቅቤ ለጠፈችብኝ። “ለሙሽራ ነው” አለች። ጠብታው ጆሮዬ ሥር ሲወርድ ከመኪናው ሸሽቼ አጥሩ ጥግ ቆምኩ።

“አየኸው እፍረቷን?” አለችው አባቴን። “ገና ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ተደበቀች!”

ሦስት ሆነው መጡ። በወጉ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። አባቴ በርጩማዎች ቢያቀርብ፣ “የለም ጌታዬ፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም” አሉ።

“እንግዲህ ዘመድ ላማክር፤ ቀን ልስጣችሁ” አለ አባቴ።

“ዘመዱ እኔ ነኝ፤ ተማክሬያለሁ” አለች አክስቴ።

“የእናቷም ወገን አለ እኮ።”

“እነሱንም አማክሬያለሁ።”

አባቴ ሳለ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ፤ ስለ ጤፉ ጠየቀ፤ ስለሌሉት የአክስቴ በሬዎች እንኳ ጠየቀ። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከወልመራ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል፤ መቀመጥ ደግሞ አይችሉም። አንደኛው በአንድ እግሩ ቆመ። ሁለተኛው ባለ ብረት ጫፍ ዘንጉን የሚያስደግፍበት ፈለገና ወደ መኪናው ተጠጋ። ዋናው ሽማግሌ፣ ለመንገዱ ብለው አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው ነበርና፣ ግንባራቸው ላይ የቀለጠውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት። ከዚያም ያንኑ መዳፍ ቀስ ብለው ፓራፋንጎው ላይ አሳርፈው ተደገፉ።

አባቴ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሽማግሌ ላይ አይጮህም።

“እጅዎን ያንሱ!”

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ አጥር ብቻ ነበር።

“ቅቤ ነው እኮ! ቀለም አይዝም! እርስዎም አባቴ፣ ዘንግዎን ከበሩ ያርቁልኝ፤ ሳሸው የሰነበትኩት እኔ ነኝ!” አንዴ ከወጣልኝ በኋላ ማቆሚያው ጠፋኝ። “አክስቴ፣ አንቺም ራቅ በይ፤ እጅሽ ቅቤ ነው!”

ዋናው ሽማግሌ መዳፋቸውን አየር ላይ እንደያዙ ወደ አክስቴ ዞሩ።

“ድምጿ አይሰማም ያልሽን ይቺን ነው?”

“ዛሬ ነው የጀመራት፣ ጌታዬ” አለች አክስቴ ፊቷን ሸፍና።

ሽማግሌው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ጓደኞቻቸውም በርጩማዎቹን አዩ።

“እንግዲያስ እንቀመጥ” አሉ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ሳይፈቀድላቸው ተቀመጡ ማለት ጥያቄያቸውን ተዉት ማለት እንደሆነ ግቢው ውስጥ ያልገባው አልነበረም። አባቴ የለመኑትን ሳይሰጣቸው ጠላውን በደስታ ቀዳላቸው።

እኔ ግን አፈርኩ፤ እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፍቼ መዳፉ ያረፈበትን ቦታ በቤንዚን መወልወል ያዝኩ። ዋናው ሽማግሌ ሁለተኛውን ዋንጫ ሲጨርሱ ተነሥተው መጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል፣ “ጉብታውን በጨርቅ ነው የምታገኚው አሉኝ፤ እውነት ነው?” አሉኝ። አባቴ ነግሯቸዋል። ንጹሕ ጨርቅ ሰጠኋቸው። እጃቸውን ሸፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመብራቱ ጀምሮ እስከ በሩ ዳሰሱ።

“እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ” አሉ።

“የለም” አልኩ፤ ሽማግሌ ፊት ስናገር ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

“አለ፣ ልጄ።”

ነጠላዬን አሳለፍኩበት። ነበር። አባቴ የጠላውን ማሰሮ አስቀምጦ ስቱኮውን ሊለውስ ተነሣ፤ ሽማግሌው ወደ በርጩማቸው ሲመለሱ በእግራቸው መጥተው የደከሙ ሰው አይመስሉም ነበር።

መኪናው ዘግይቶ ተቀባ። እንጨት ነጋዴው ሲመጣ አላመሰገነም፤ ጎንበስ ብሎ ፓራፋንጎው ውስጥ እያየ ፂሙን አበጠረና መኪናውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን አክስቴ በዚያው ፓራፋንጎ ሹሩባዋን ስታስተካክል አይቻታለሁ። ወደ ወልመራ ስትመለስ የተረፈውን ቅቤ ትታልኝ ሄደች። አባቴ ከላሜራው ይራቅ ብሎ አጥሩ ጫፍ ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ አባቴ መጋዙን አውጥቶ አንድ ቁራጭ የወይራ እንጨት ሲቆርጥ አገኘሁት። “እጅሽን አምጪ” አለኝ። በመዳፌ ለክቶ ቆረጠው፤ ጠርዙንም አለሰለሰልኝ። የወንድሜን እንጨት ጨርቁን ፈታሁለትና ሲመለስ እንዲያገኘው ግድግዳው ላይ ምስማር መትተን ሰቀልነው።