ናቦር ያሳያቸው ጥዶች

ካሲልዳን የማያውቅ ሰው ደግ ሴትዮ ናት ይላል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ደግ አይደለችም። አርባ ዓመት ሙሉ ማሊንቼ ተራራ ላይ እንጉዳይ ለቅማ ስትሸጥ የኖረች፣ ከኋላዋ የሚከተላትን ሰው በድንጋይ የምታባርር ሴት ናት። የቢጫውን፣ የሰማያዊውንና የቀዩን እንጉዳይ ቦታ የሚያውቁት እሷና ታናሽ ወንድሟ ናቦር ብቻ ነበሩ፤ ያሳየቻቸው እናታቸው ናት። ካሲልዳ ስትለቅም ሥሩን አትነቅልም፤ ቆርጣ ቦታውን በቅጠል ትሸፍነዋለች። «ጥዱና እንጉዳዩ የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው፤ ጥዱ ከሞተ እንጉዳዩም አለቀለት» ትላለች።

ባለፈው ነሐሴ የሞተር መጋዝ የጮኸው ልክ እናታቸው ባሳየቻቸው ቦታ ላይ ነበር። እኔና ካሲልዳ ሮጠን ስንደርስ ጥዶቹ በሙሉ ተጋድመዋል። ናቦር፣ ያ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ፣ ግንዱ በየት በኩል እንደሚጎተት ለእንጨት ሌቦች ያሳያል።

«አንተ! እናታችንን ሸጥካት?» አለች ካሲልዳ።

«እትዬ፣ እንጨት እኮ ነው! ይበቅላል!»

አንዱ ሌባ በጠመንጃ ሰደፍ አፏን አላት፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ደሟን ተፍታ ገጀራዋን ሰነዘረች። ናቦር መሀል ገብቶ እጁን ዘረጋ፤ ሊይዛት ይሁን ሊያስጥላት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሦስት ጣቶቹ ቅጠሉ ላይ ወደቁ።

ደወል ተደውሎ መንደሩ በዱላና በድንጋይ ወጣ። ሌቦቹ መኪናቸውን ጥለው ሸሹ፤ መኪናውን አቃጠልነው። የዘገየውን አንዱን ይዘን ጥርሱን አረገፍነው። እኔም መትቼዋለሁ፤ አልጸጸትም።

ካሲልዳ ወንድሟ ላይ ተንበርክካ ያረጀ ክብ እንጉዳይ ሰነጠቀች። ቡናማ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነፋችበትና በሻርፗ አሰረችው።

«አትንፈራገጥ! ደሙን ያቆመዋል።»

ቤቷ አስተኝታ አስታመመችው። በሦስተኛው ቀን ቢጫውን እንጉዳይ በቃሪያ ቀቅላ አቀረበችለት። አፉን ገጠመ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

ድስቱን አናቱ ላይ የምትደፋበት መስሎኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከእሷ እንጉዳይ በልቶ ሆዱን የቆረጠው ሰው የለም፤ እሱ ራሱ ያደገው በዚያ ነው። እንባዋ እየወረደ፣ ባበጠው አፏ እስከ መጨረሻው ማንኪያ በላችው። ናቦር ዓይን ዓይኗን ሲያይ ቆየ።

«እሺ» አለ አፍሮ፣ «ለእኔም ጨምሪልኝ።»

«የለም። ከእናታችን ቦታ የለቀምኩት የመጨረሻው እሱ ነበር» አለችውና ሳህኑን ልታጥብ ወጣች።