ሙዲሩ የወደዳት ቃል

ጅዳ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ አካባቢ የሆነ ነው። ሳስታውሰው አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ።

የምሠራው የቤት ሠራተኞችን በስልክ መተግበሪያ በሚያቀርብ ድርጅት ነበር። የአገሬ ልጆች ሲደውሉ በአማርኛ የማነጋግረው እኔ ነኝ። ሙዲራችን፣ ማለትም አለቃችን፣ ሰው መስማት የማይወድ፣ ትእዛዝ ግን ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ በማግስቱ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ቀን፣ ላላቸው ሴቶች በየስማቸው መልእክት እንዲላክ አዘዘ። አማርኛውን ኮምፒውተር ተረጎመለት፦ «እረፊ!»

«ሙዲር፣ ይሄ በእኛ አገር ቁጣ ነው» አልኩት። «አርፈሽ ተቀመጪ እንደ ማለት ነው። ‹ነገ ኢጃዛ ነው› በላቸው፤ ኢጃዛን ሁሉም ያውቃታል።»

«ኢጃዛ ዓረብኛ ነው። አንቺ ስልክሽን አንሺ።»

ይባስ ብሎ፣ ሴቶቹን ደስ ይበላቸው ብሎ ቃለ አጋኖዋን ሦስት አደረጋት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ተንጫጫ። «ማን ከሰሰኝ?» «ማዳም ምን ብላ ነው?» ሙዲሩ የጥሪውን ብዛት አይቶ፣ «አየሽ? ሊያመሰግኑ ነው» አለና ለበላዮቹ ሊያወራ ሄደ። ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

ጦይባ ስትደውል ግን ሳቁም ጠፋ። የወሎ ልጅ ናት፤ እዚያው ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር አንድ ቤት ትሠራለች። እሷ ገና ስትድህ ከአገር የወጣች ታላቅ እህቷ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ነበረች። እህትየዋ ቅዳሜ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። ዓርብ ካልተገናኙ ሌላ ቀን የላቸውም።

«ወላሂ ምንም አላጠፋሁም» አለችኝ እያለቀሰች። «ነገ እህቴ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ‹ጦይባ፣ እረፊ› አሉኝ። ቀረሁ በቃ።»

«ጦይባዬ፣ ኢጃዛ ነው የሚልሽ። ነገ ነፃ ነሽ፣ ሂጂ።»

ልቅሶዋን ገታ አደረገች።

«ኢጃዛ?»

«ኢጃዛ።»

«ታዲያ ምን ያስቆጣቸዋል?»

በማግስቱ ከሩሰይፋ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እህትማማቾቹ ፊታቸውን አጣብቀው አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ታላቅየዋ እጇን ከጦይባ ጉንጭ ላይ አላነሳችም። «ይቺ ናት? ትልቅ ሰው ሆናለች እኮ» ትለኛለች፣ እኔ ያሳደግኳት ይመስል። እኔም በደስታ ጠረጴዛዬ ላይ አነባሁ።

ሙዲሩ በዚያው መልእክት ምክንያት ዕድገት ተሰጠው። ይሰጠው። እኔ የታላቅየዋ ድምፅ ትዝ ባለኝ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ከዚያ ድርጅት ይዤ የወጣሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው።