የቆቦ ትምህርት ቤት አራት ደረጃዎች

ሮቢት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

የልጅ ልጄን ሐዋን ይዤ ወደ ቆቦ የተነሳሁት ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የልጅነት ልምሻ ሁለት እግሯን ስለወሰደባት በእጇ እየዳኸች ነው የምትሄደው። በመሠረተ ትምህርት ግን ጎልማሶቹን ቀድማ ማንበብ ቻለች፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ሬዲዮው ዘንድሮ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ዓመት ነው፣ አገራችንም ቃል ገብታለች ሲል ሰማሁ። ቃል የገባ ይፈጽም ብዬ ወጣሁ።

ማሽላ የጫነ መኪና በአንድ ብር ተኩል አሳፈረን። ሾፌሩ ሐዋን አንስቶ ጆንያው ላይ ሲያስቀምጣት፣ «ከጆንያዬ ትቀላለች» አለ።

«ጆንያህ ማንበብ ይችላል?» አለችው።

እስከ ቆቦ ድረስ ብቻውን ይስቅ ነበር። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ሜዳው ማሽላ ብቻ ነው።

ቆቦ፣ ረፋድ

አደባባዩ ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች ስብሰባ ነበር። አዘጋጆቹ ሐዋን አይተው አቅፈው መድረክ ላይ አወጧት። አንድ ጓድ ስለ መማር መብት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳች። እኔም ጉዳያችን አለቀ ብዬ ያመጣሁትን ቂጣ ከሐዋ ጋር በደስታ በላሁ።

ትምህርት ቤቱ፣ ሰባት ሰዓት

ክፍሎቹ ያሉት ከአራት የድንጋይ ደረጃ በላይ ነው። ሐዋ ማንንም ሳትጠብቅ በእጇ ወጣችና ከላይ ሆና አየችን። ዳይሬክተሩ ትሑት ወጣት ነው። አንገቱን ደፋ።

«እናቴ፣ አዲስ መመሪያ መጥቷል። አካል ጉዳተኛ የሚገባበት ምቹ መግቢያ ያስፈልጋል ይላል። እስኪሠራ ልቀበላት አልችልም።»

«ወጥታለች እኮ።»

«እየዳኸች መግባቷ ክብሯን ይነካል።»

«እቤት መቅረቷስ?»

የያዘውን መዝገብ ከደነ።

«እሺ፣ ድንጋዩ ሞልቷል» አልኩት። «እህቴ እዚሁ ሰፈር ናት፣ ሐዋም እሷ ዘንድ ነው የምትቀመጠው። ጎረቤቶቿን ለደቦ እጠራለሁ፤ ደረጃ የሌለው መወጣጫ በግማሽ ቀን እንሠራለን።»

«የመንግሥት ሕንፃ በደቦ አይነካም። ፕላኑ ከበላይ መምጣት አለበት።»

«መቼ?»

«አልተገለጸም።»

ሮቢት፣ ማታ

ባዶ መኪና አግኝተን ተመለስን። አቧራው ፊታችንን ሸፍኖታል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ለእሷ አስበው ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ወረቀቱ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነበረች። ከቆቦ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው።

እቤት ስንገባ፣ «ሰኞ እንመለሳለን» አልኳት። «ከክፍሉ መስኮት ሥር ቁጭ ብለሽ ትማሪያለሽ። ያባርሩሽና አያለሁ።»

«እማዬ» አለችኝ፣ «ደረጃውን ስወጣ አይቼዋለሁ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከመሬት ሆኜ ሰሌዳው አይታየኝም።»