የእትዬ ጽጌ ከንፈርና ድምፅ

ጀርመን አገር ቦርንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለው ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ፍራው ሌንዝ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ወንበርና የጆሮ ማዳመጫ አሳየችኝ። "በሩን ዝጋው፤ ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ጫጫታ አይወድም" አለችኝ። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ በኤዲተርነት በሠራሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አብዛኛውን ቀን ያሳለፍኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው።

የሰው ፊት ግን አይቼ አልጠግብም ነበር። የአንዲት አሠልጣኝን ቪዲዮ ሦስት ሳምንት ስቆርጥ፣ ከመናገሯ በፊት ትንፋሽ የምትወስድበትን ሁኔታ ሳይቀር አወቅኩት። ከዚያ መሀል ከተማ ገበያው ላይ ሳገኛት ራሴን ረስቼ ሰላም አልኳት። ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ አለፈችኝ። አልተቀየምኳትም፤ አታውቀኝም።

ጋሽ መርዕድ የመጡት በአሥራ አምስተኛው ዓመቴ ነው። እዚያው ከተማ ቦናመስ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ለባለቤታቸው ለእትዬ ጽጌ ሙት ዓመት ፊልም ፈለጉ። ልጃቸው ሣራ እናቷ ከማረፋቸው በፊት ሲናገሩ በስልኳ ሃያ ደቂቃ ቀርጻቸዋለች። ሌላው የቤተሰቡ ቪዲዮ በካሜራ የተቀረጸ ነው።

እንደ ልማዴ ፕሮክሲ አወጣሁ። ፕሮክሲ ማለት ኮምፒውተሩ ሳይጨነቅ እንዲያጫውተው ከዋናው ፋይል የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ቆረጣው በቅጂው ካለቀ በኋላ ዋናው ይተካል። ካሜራው በሰከንድ ሃያ አምስት ፍሬም፣ ማለትም ሃያ አምስት ነጠላ ምስል፣ ስለሚቀርጽ የስልኩንም ቅጂ በሃያ አምስት አወጣሁት። ቆርጬ፣ ዋናውን ተክቼ፣ መጀመሪያውን ብቻ አይቼ ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ መርዕድ ከሣራ ጋር ተመልሰው መጡ።

"ልጄ፣ ድምፁ የሷ ነው። ከንፈሯ ግን ሌላ ይናገራል። መጨረሻ ላይ 'መርዕድን አደራ' ስትል አፏ ተዘግቷል" አሉኝ።

ሣራ ክንዳቸውን ይዛ በጀርመንኛ ተዉት አለቻቸው። "አልተውም" አሉ በአማርኛ።

ፍራው ሌንዝ ቪዲዮውን አይታ፣ "ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ማንም አያየውም" አለች።

"እሳቸው አይተውታል" አልኳት። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮምፒውተሩን ነበር። ጊዜያዊ ፋይሎቹን አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን አስኬድኳቸው። ሲጀምሩ እኩል ነበሩ፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ ተለያዩ፤ መጨረሻው ላይ ግማሽ ሰከንድ ደረሰ። ልዩነቱ እየሰፋ ሲሄድ ጥፋቱ የፍሬም ቁጥር ነው። የስልኩን ፋይል መረጃ ከፈትኩ። ሠላሳ ይላል፤ ግን ክፍሉ ሲጨልም ቁጥሩ እየወረደ፣ ብርሃን ሲገባ እየወጣ ነው የቀረጸው።

ዋናውን ወጥ ወደሆነ ሠላሳ ቀየርኩት፤ አዲሱን ፕሮክሲም በዚያው በሠላሳ አወጣሁ። የቀድሞው ቆረጣ ግን ከአዲሱ ጋር አልገጠመም። የቆረጥኩባቸውን አርባ ሦስት ቦታዎች ሁሉ በእጄ ማስተካከል ነበረብኝ።

ጋሽ መርዕድ "ልቀመጥ?" አሉኝ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከጀርባዬ ተቀመጡ። ሚስታቸው በቪዲዮው ላይ ከመናገራቸው በፊት የሚሉትን እሳቸው ቀድመው ይሉት ነበር። እኔም ለምን ያህል ዘመን በዚያ ክፍል አማርኛ እንዳልተናገርኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቃል እየጠፋብኝ በጀርመንኛ ስሞላ እሳቸው ያርሙኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት እትዬ ጽጌ "መርዕድን አደራ" አሉ፤ ከንፈራቸውም እኩል አለ። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ አላሉኝም።

ሲወጡ "እሑድ ቤት ና፤ ብቻዬን ነኝ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ" አልኳቸው። ያን እሑድ ሥራ ነበረብኝ፤ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። በአራተኛው ወር ሄጄ በሩን ሳንኳኳ የማላውቃት ሴት ከፈተችልኝ። "ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወስዳቸዋለች" አለችኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ፋይል የፍሬም ቁጥር እዩ። ፕሮክሲውን በዋናው ቁጥር አውጡ። ስትፈትሹ ከመጨረሻው ደቂቃ ጀምሩ። ሰው ቤቱ ሲጠራችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሂዱ።