የፈቃድ ደብዳቤዋ

ጋልቬስተን ወደብ ላይ የመርከብ መንገደኞችን ወረቀት አያለሁ። የአንድ አባትና የሁለት ሴት ልጆቹ ተራ ደረሰ። ሦስቱም ለጉዞው ያሳተሙትን አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል። የትንሿ ሹሩባ ተንሻፏል፤ የሠራው እሱ መሆኑ ያስታውቃል።

ሳልጠይቀው አንድ ደብዳቤ ዘረጋልኝ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በመርከብ እንዲጓዙ እናታቸው ፈቅዳ የፈረመችበት፣ ሰነድ አረጋጋጭም ያተመበት ነው። ፊርማዋ የተንቀጠቀጠ ነው።

«ስልኳን አልጻፉበትም። ደውዬ ላረጋግጥ ነበር» አልኩት።

ሌላ ወረቀት ጨመረልኝ። የሞት ምስክር ወረቀቷ ነው።

«ይሄ ብቻውን ይበቃ ነበር እኮ፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ» አለ፣ የትንሿን ሹሩባ ለማቃናት እየሞከረ። «ያንን ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው የፈረመችው። አንድ ሰው እንኳ ይይላት ብዬ ነው።»