እማማ ማልሱን የመረጡት ኪቦርድ

ጎረቤቴ እማማ ማልሱን ጆሯቸው አይሰማም። ይህን የምለው ላሳዝናችሁ አይደለም፤ ለእርሳቸው ከንፈር የሚመጥ ሰው መልሱን አያጣም። የወደብ ከተማችን ቡሳን ውስጥ፣ እዚሁ እኛ ዮንግዶ ሰፈር ባለው የመርከብ መጠገኛ፣ ከወጣትነት እስከ ሽበት በገመድ በተንጠለጠለ ጣውላ ላይ ተቀምጠው የመርከብ ዝገት በመዶሻ ሲያራግፉ ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ብረት በብረት ሲመታ የዋለ ጆሮ ምን ይተርፈዋል? «ጆሮዬን መርከቦቹ ይዘውት ሄዱ፤ አሁን የት ወደብ እንዳለ እንጃለት» ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ። ሲስቁ ሕንጻው በሙሉ ይሰማል።

ልጄ ሶዳም ደግሞ የኮምፒውተር ጌም ተጫዋች ናት። ዋዛ እንዳይመስላችሁ። ሴኡል ያለ አንድ ቡድን ጨዋታዋን አይቶ ለፈተና ጠራት፤ ካለፈች ከቡድኑ ጋር እየኖረች ትሠለጥናለች። ይህን ወሬ ለሰፈሩ ያዳረስኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ብትወድቅ የማፍረው ከእርሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ።

ችግሩ ኪቦርዷ ነበር። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ሞላ ያለው፣ በተጫኑት ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ነው። ከእኛ በታች የሚኖረው አቶ ኩክ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ የሚተኛው ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ሶዳም ከትምህርት ቤት መጥታ ስትለማመድ ነው። አንድ ቀን ዓይኑ ደም መስሎ በሬን አንኳኳ።

«የሶዳም እናት፣ ልጅሽ አናቴ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች እንዴ?»

ፍራፍሬ ይዤ ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። በማግስቱም ድምፅ የሌለውን ኪቦርድ ገዝቼ መጣሁ። ሲጫኑት ያለ ምንም ማገጃ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል። ብልህ እናት ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሶዳም ግን መሸነፍ ጀመረች። ከዚህ በፊት የምትጫወትባቸው ልጆች ሁሉ ይጫወቱባት ጀመር።

«እማዬ፣ ነካሁት ስል አልነካሁትም፤ አልነካሁትም ብዬ ደግሞ ሁለቴ እነካዋለሁ። አሮጌውን መልሺልኝ።»

«አቶ ኩክስ የት ይተኛ፣ ጣሪያ ላይ? ደግሞ ስትጫወቺ በማዳመጫ ጆሮሽን ጥርቅም አድርገሽ ነው። የማትሰሚው ድምፅ ቢቀር ምን ጎደለብሽ?»

እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። በሩ ክፍት ስለነበር እማማ ማልሱን አንድ ሰሃን ኪምቺ፣ ያንን በርበሬ የበዛበት ጎመናቸውን፣ ይዘው ገቡ። ባይሰሙም ፊታችንን አይተው ጠብ መሆኑን አወቁ።

«ምን ሆናችሁ ነው እንደ ድመት የምትፋጠጡት?»

በሚሻለው ጆሯቸው ላይ እየጮህኩ ነገርኳቸው። አሮጌውን ኪቦርድ አስመጡና በጣታቸው አንድ ቁልፍ ቀስ ብለው ተጫኑ። ከዚያ አዲሱን ሞከሩ። ደጋገሙት።

«እሷም ስትሠራ እንደኔው ደንቆሮ ናት አይደል?» አሉ ማዳመጫውን እያሳዩ። «እና የቀረባት ድምፁ አይደለም። ይኸውልሽ፣ አሮጌው መሃል ላይ ገታ ይልና እጅሽን ‹በቃ› ይለዋል። ይሄ አዲሱ ምንም አይላትም። እኔ ዝገቱ መልቀቁን በምን የማውቅ ይመስልሻል? መዶሻው ይነግረኛል። ልጅቷን ዲዳ ነገር አሸክመሽ ትቆጪያታለሽ!»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለነበሩ ነው።

ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ገበያው ሄድን። ሻጩ ወጣት በየቀለሙ የሚበራ ኪቦርድ ደረደረልን። «እናቴ፣ ይሄን ይዩት፣ መብራቱ እንዴት ያምራል!» አላቸው። «አስጊጦ ሊድረኝ ነው?» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፎቹን በየተራ ይዳስሱ ጀመር። አንዱን፣ «ይሄ ልብ የለውም» ብለው ገፉት። ሌላውን፣ «ይሄ ግትር ነው፣ ጣቷን ያደክማታል» አሉ። በመጨረሻ አንዱ ላይ ቆዩ። መሃል ላይ ገታ የሚል፣ ግን ቀጭ የማይል ነበር። የሶዳምን እጅ ስበው አስቀመጡበት። ልጄ ስትነካው ፊቷ በራ። ሻጩም እየሳቀ፣ «እማማ፣ ነገ እኔ ጋ ሥራ ይግቡ» አላቸው።

ዋናው ዳኛ ግን አቶ ኩክ ነበር። አልጋው ላይ እንዲጋደም ለምነነው፣ ሶዳም አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወተች። ልትጨርስ ስትል አቶ ኩክ ወጥቶ መጣ።

«ኧረ መቼ ነው የምትጀምሩት? እንቅልፌ መጣ እኮ!»

ለፈተናው ሴኡል ስንሄድ እማማ ማልሱን አብረውን መጡ። ቅሩ የሚላቸው ማን ነው? የቡድኑ ሰዎች እኛን ከመስታወት ጀርባ አስቀመጡን። ሶዳም የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈች፤ እኔ የውጤት ሰሌዳው ላይ አፈጠጥኩ። እማማ ማልሱን ግን ሰሌዳውን አላዩም፤ እጆቿን ብቻ ነበር የሚያዩት። «አይዞሽ፣ እጇ አልደነገጠም» አሉኝ። እንዳሉትም የቀሩትን ሁለቱን አሸነፈች።

አሰልጣኙ ማለፏን ነገራትና ወደ እኛ ይዟት ወጣ። ኪቦርዱን አገላብጦ እያየ፣ «ብዙዎቹ ልጆች ለፍጥነት ብለው ሙልጭ የሚለውን ነው የሚይዙት። ይሄን ማን መረጠልሽ?» አላት።

ሶዳም በሁለት እጇ ወደ እማማ ማልሱን አሳየች። «ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን የመርከብ ዝገት ሲያራግፉ የኖሩ ናቸው። እርሳቸው ናቸው የመረጡልኝ» አለችና እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው። አሰልጣኙም ተከትሏት እጅ ነሣ።

እማማ ማልሱን ግራ ገብቷቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ምን አለች? ማን ሞተ?»

አፌን ጆሯቸው ላይ ገጥሜ ያለችውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ በሙሉ ድምፄ ጮህኩላቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር፤ ይየን።

እማማ ማልሱን የጎበጠ ጀርባቸውን ቀና አድርገው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ስንቱን መርከብ አሳምሬ ባሕር ላይ ሸኝቻለሁ» አሉ። «አንዱም ዞሮ አላየኝም። ዞራ እጅ የነሣችኝ ይቺ ብቻ ናት።»

በባቡር ስንመለስ ይህንኑ አጠገባቸው ላለው ተሳፋሪ፣ ከዚያ ከፊታቸው ለተቀመጠው፣ ከዚያ ትኬት ለሚቆጣጠረው ሳይቀር ነገሩ። ጆሮ የሌለው ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልምና ሰረገላው በሙሉ ሰማ። ዝም ይበሉ ያላቸው አልነበረም። የሚል ቢኖር ደግሞ ከእኔ ጋር ነበር የሚተያየው።