የአባባ ኩስኩስት

ኡራኤል ቅዳሴ አልቆ ጧፍ ሲጠፋ የሚወጣው ያ ቀጭን ጭስ አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው አማትቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እኔ ትዝ የሚለኝ እርሳስ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምን ላድርግ! ልጅ ሳለሁ ማድቤታችን ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ላይ የጧፍ ቁራጭ ጣል ስናደርግበት ልክ እንደዚያ ይሸት ነበርና፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሽታው ሲመጣ ክንዴ ላይ ያለችው ጠባሳ የምትሞቀኝ ይመስለኛል። ይህችን ጠባሳ ደግሞ በወርቅ አምባር ለውጪ ብባል አልለውጣትም።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ዳር ላይ ነበር። ጣሊያን ከተማውን የያዘ ጊዜ አባቴ ውጅግራቸውን፣ ያንን አንድ አንድ ጥይት የሚጎርሰውን የድሮ ጠመንጃ፣ ይዘው ጫካ ገቡ። ለእኛ ትተውልን የሄዱት እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቅርጽ ነበር፤ የቀለጠ እርሳስ በአናቱ ይገባና ሲቀዘቅዝ የውጅግራ አረር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሌላ የአባባ ነገር ሆኖ ቤት የቀረው ከምግብ በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበት የሸክላ ኩስኩስት ብቻ ነው። እሳቸውን ማስታጠብ የእኔ ሥራ ነበር፤ ነጠላዬን አደግድጌ፣ በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ አፈስ ነበር። አንዳንዴ ሐሳቤ ወደ ጨዋታ ሲሄድና እጄ ሲዘናጋ አባባ ሳይቆጡ «ልጄ፣ ውሃውን አትቁረጪ» ይሉኝ ነበር። ለሰው እጅ ውሃ ሲፈስ እንደ ክር ሳይበጠስ መውረድ አለበት፣ ያለዚያ ንቀት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያ ክረምት እማዬ ጣሊያኖች ለሹማምንቶቻቸው ቤት ከሚሠሩበት ቦታ አሸዋ ትሸከም ነበር። የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ የሚያፈሱት እርሳስ ፍርፋሪው መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ጎንበስ ብላ አሸዋ እያፈሰች አንስታ በመቀነቷ ትቋጥረዋለች፤ ማታ መቀነቷን ስትፈታ ዱብ ዱብ ሲል ደስታችን ልክ አልነበረውም። የራሳቸውን እርሳስ አንጥረን መልሰን ልንልክላቸው ነዋ! አርበኞቹ የተተኮሰበትን ቀለህ እየሰበሰቡ ባሩዱን እዚያው ጫካ ይሞሉታል፤ ከእኛ የሚጠበቀው አረሩ ብቻ ነበር። አረሩን የምትወስደው እንጦጦ እንጨት ለቅማ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ እንጨቷን በራችን ላይ ታራግፍና በባዶው ገመዷ መሐል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ትመለሳለች።

ማፍሰሱን የያዘው የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ የኡራኤል ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ነበር። ወታደር ሆኖ ያረጀ፣ እግሩን የሚጎትት፣ ግን አፉ የማይጎተት ሰው! እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መንደሩ ሁሉ ወጡን በጣደበት ሰዓት የእኛም ጭስ ከሰው ጭስ ጋር ይቀላቀል ነበርና ሥራው በዚያን ጊዜ ነበር። እማዬ በሰንበት መሥራቱ እያስፈራት «አንተ ታውቃለህ» እያለች ወደ ላይ ቀና ትላለች፤ ጋሼ ደግሞ እርሳሱን በብረት ድስት አቅልጦ፣ በጭልፋ እየጨለፈ ቅርጹ ውስጥ ያፈስ ነበር። እኔ ቅርጹን ይዤለት እቀመጣለሁ።

ክረምቱ ሲጋመስ እንጨት ሻጯ የአባባን መልእክት ይዛ መጣች። በራችን ላይ ቆማ፣ ወዲያ ወዲህ አይታ፣ «ከአስሩ አራቱ ጠማማ ይሄዳል። አንዱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊጨርሳቸው ነበር። የሚያስተማምን ካልሆነ አትላኩ፣ እሱን አምኜ ገጥሜ ከምሞት ባዶ እጄን ብሸሽ ይሻለኛል ብለዋል» አለች። እማዬ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። አባቴን ልንገድላቸው ነበር፤ ያውም እኛው ራሳችን!

ጋሼ የቀሩትን አረሮች በቢላ ለሁለት እየከፈለ ሲያይ ውስጣቸው እንደ ነቀዘ ባቄላ ቀዳዳ ቀዳዳ ነበር። «እርሳሱ ነው የከፋው» አለ፣ ጭልፋውን አልጠረጠረም። እኔ ግን ቅርጹን ይዤ ስንት እሑድ አይቻለሁ፤ ጭልፋው ከድስቱ አፍ ላይ ሲጨልፍ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ አብሮ ያነሳል፣ እስኪደርስም ይቀዘቅዛል፣ የጋሼም እጅ ስለሚንቀጠቀጥ አፍስሶ ያቆማል፣ ደግሞ ያፈሳል። ይቆርጠዋል ማለት ነው! ያን ጊዜ መደርደሪያው ላይ ያለው ኩስኩስት ታየኝ። ውሃው የሚወርድበት ጡቱ የሚነሳው ከሆዱ ዝቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ቆሻሻው ላይ ቀርቶ የሚወርደው የታችኛው ንጹሕ ነው።

«ጋሼ፣ በአባባ ኩስኩስት ብናደርገውስ?» አልኩ።

«በእጅ ማስታጠቢያ? አንቺ ልጅ፣ ጥይት እኮ ነው፣ እንግዳ አይደለም የምናስተናግደው!» ብሎ ሳቀብኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ኩስኩስቱን አወረደች፣ እንደ ልማዷ ደግሞ ውስጡን ለቅለቅ አድርጋ፣ በጨርቅ ወልውላ ሰጠችን። ያልታጠበ ዕቃ ከእማዬ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ የቀለጠውን እርሳስ ሲገለብጥበት ጧ! አለ፤ ሸክላው የጠጣው ውሃ እርሳሱን ወደ ላይ ተፋው፣ አንዲት ፍንጣሪ ክንዴ ላይ አረፈች። ጩኸቴን ጎረቤት እንዳይሰማ እማዬ አፌን በነጠላዋ አፍና፣ እሷም አብራኝ ታለቅስ ነበር። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት» ትላለች። ጋሼ ኩስኩስቱን ሊወረውረው ሲያነሳ በጤነኛ እጄ እግሩን ይዤ «አይጣል!» አልኩ። ዕልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

እስከ መስከረም ድረስ አረር አልላክንም። ኩስኩስቱ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ሰነበተ፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ እማዬ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ታወጣው ጀመር። እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አባባ እዚያ ባዶ ቀለህ ይዘው እንደተቀመጡ አውቃለሁና።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ኩስኩስቱን ፍም ውስጥ ቀስ በቀስ አግለን፣ ቅርጹንም አሙቀን፣ እርሳሱን ገለበጥንበት። አልተፋም። የጧፍ ቁራጭ ጣል አደረግን፣ ቆሻሻው ሁሉ ላይ ተንሳፈፈ። ጋሼ መጀመሪያ አሥር በጭልፋው አፈሰሰ። ከዚያ እኔ፣ እጀታውን በወፍራም ጆንያ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አባባን እንደማስታጥብ ሆኜ ጎንበስ አልኩ። ወረደ፤ ክር ሆኖ፣ ብር መስሎ፣ አንዴም ሳይበጠስ። አሥሩንም እንዲሁ።

ጋሼ ከራሱ ሦስት፣ ከእኔም ሦስት ከፈለ። የእሱ ሁለቱ ባዶ ቀዳዳ ነበራቸው። የእኔ ሦስቱም ድፍን፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ! ጋሼ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አያቸውና ጭልፋውን ለእማዬ መለሰላት። «በይ ይሄን ለወጥሽ» አለ። ከዚያ እግሩን እየጎተተ መጥቶ እኔ እቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ቅርጹንም አንስቶ «ልክ ሲሆንልሽ አፍስሺ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» አለኝ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ለእኔ ቅርጽ ያዘ! ደረቴ ማድቤቱን ሞላው።

በጋውን ሙሉ አፈሰስኩ። እንጨት ሻጯ አንድ ቀን እየሳቀች መጥታ «‹ይሄ የማን እጅ ነው?› ብለው ጠየቁ። አንዱም አልሳተም» አለች። እማዬ «የቤት እጅ ነው በያቸው» ብላ ብቻ ላከች፤ ስሜ በማንም አፍ እንዳይዞር ፈርታ ነው። እኔ ግን ስሜን ቢሰሙት ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተበሳጨሁ!

ጣሊያን ተባርሮ አባባ ሲመለሱ ጢማቸው ሆዳቸው ላይ ደርሶ፣ እኔም ቁመቴ ከደረታቸው ደርሶ ነበር። ምሳ ቀርቦ እማዬ ውሃ በጣሳ አመጣች።

«ኩስኩስቴስ?» አሉ አባባ።

ጋሽ ደምሴ ተነስቶ ከማድቤት አመጣውና ፊታቸው አስቀመጠው፤ ጠቁሯል፣ አፉ ተሸርፏል፣ ሆዱ ውስጥ እርሳስ ደርቆበታል። «ከእንግዲህ እጅ አይታጠቡበትም። የእርስዎን ነፍስ ያተረፈውን አረር ግን ያፈሰሰችው በዚህ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

አባባ ክንዴን ይዘው ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። ከዚያ ጣሳውን ከእማዬ ተቀበሉና፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። «እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። አባት ልጁን ሲያስታጥብ ማን አይቶ ያውቃል? እማዬ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። ዘረጋሁ። ማፍሰስ ጀመሩ፤ ግን ውሃው ቆም፣ ፈሰስ፣ ቆም አለ። ቀና ስል እንባቸው ጢማቸው ላይ ነበር። እኔም እያለቀስኩ «አባባ፣ ውሃውን አይቁረጡት» አልኳቸው። ጋሼ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በቅርቡ የልጅ ልጄ ካዛንቺስ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ፤ እማዬ አሸዋ ትሸከምበት ከነበረው ቦታ ብዙም አይርቅም። እጄን ልታጠብ ብገባ ቧንቧው መክፈቻ የለውም፤ እጅ ሲያይ ራሱ ይፈሳል፣ ሳልጨርስ ደግሞ ራሱ ቀጥ ይላል። ዛሬ ቆሞ የሚያስታጥብም፣ ጎንበስ ብሎ የሚታጠብም የለም፤ ሁሉም ለየራሱ ነው፣ ይፈጥናል፣ ጥሩ ነው ይላሉ፣ እኔም አልከራከርም። ልጅቷ መቆየቴን አይታ መጣችና «እማማ፣ ይኸውልሽ እንዲህ ነው» ብላ እጄን ይዛ ወደ ቧንቧው አስጠጋችልኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ይሄ ጠባሳ የምንድን ነው? ዘይት ነው?» አለችኝ። ወጡ ይቀዝቅዝ ብዬ፣ እዚያው ቆሜ፣ ከኩስኩስቱ ጀመርኩላት።